የሚሮጠውን መያዝ

(ስለ መኪና ፍሬንና ስለ ጨፋ ጭቃ፤ በተማሪዎች ኅብረት የንግግር ምሽት የቀረበ)



ከእኛ በፊት በዚህ ቦታ የቆሙት ተናጋሪዎች ስለ ሥነ ጽሑፍ፣ ስለ ኢኮኖሚና ስለ አገር አስተዳደር ሰፊ ንግግር አሰምተውናል። እኛ ዛሬ ይዘን የቀረብነው ጉዳይ ግን ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ ያለ ስንል በቀጥታ መሬት ላይ ያለ ማለታችን ነው፤ ይኸውም ጎማና ጭቃ ነው። መኪና ጭቃ ይዞት አንዱ ጎማው ባዶውን ሲሽከረከር፣ ፍሬን መያዝ ይጠቅማልን ወይስ አይጠቅምም? ጥያቄያችን ይኸው ብቻ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ እናያለን። «ለመሄድ የፈለገ ሰው እንዴት ፍሬን ይይዛል?» ሳትሉ አልቀራችሁም። ነገር ግን ይህን ጥያቄ መመለስ ያለመቻላችን አንድ ቀን በሰው ፊት አሳፍሮናል። ስለዚህ ጉዳዩን ለምን እንደ መረጥነው በመጀመሪያ እናስረዳ።

እኛ ከከሚሴና ከአካባቢዋ የመጣን ተማሪዎች ነን። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በር ዋሻ፣ በሸዋ ሮቢት፣ በሰንበቴና በአጣዬ አልፎ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ደሴ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከተማችንን አቋርጦ ያልፋል። በዚህ ጎዳና የሚያልፍ መንገደኛ አስፋልቱን ብቻ ስለሚያይ፣ አገሩ ሁሉ እንደዚሁ የተደላደለ ይመስለዋል። አስፋልቱን ለቆ ወደ ጨፋ ሜዳ የወረደ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ቦርከና ከደሴና ከኮምቦልቻ በኩል ወርዶ በዚህ ሜዳ እየተንቀረፈፈ ወደ አዋሽ ይሄዳል። ሜዳው በበጋ የከብትና የግመል መሰማሪያ ነው፤ የኦሮሞውም የአፋሩም አርብቶ አደር መንጋውን ይዞ ይመጣበታል። ክረምት ሲገባ ግን ጥቁሩ ዋልካ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ እንደ ሳሙናም ያንሸራትታል። በረሓውን የማይፈራው ግመል እንኳ እግሩ ሰፊና ለስላሳ ስለሆነ እርጥብ ዋልካ ላይ ሲደርስ ይፈራል።

ባለፈው ክረምት በነሐሴ ወር ሦስታችን ለቅሶ ደርሰን በአንድ ሚኒባስ ወደ ከሚሴ ስንመለስ፣ አስፋልቱን ልንይዝ ጥቂት ሲቀረን መኪናው በትንሽ ዳገት ላይ ተያዘ። የግራው የኋላ ጎማ ጠጠር ላይ ቆሞ ንቅንቅ አይልም፤ የቀኙ የኋላ ጎማ ግን ዋልካ ውስጥ ገብቶ ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል። ወርደን ገፋን። ጭቃው ከእግር እስከ ራሳችን ለበሰን። መኪናው ግን አልተነሣም።

ከተሳፋሪዎቹ መካከል ትኩሳት የያዘው ልጅ ታቅፋ ወደ ሐኪም ቤት የምትሄድ አንዲት እናት ነበረች። ጊዜው እየመሸ ነበር። በዚህ መካከል ከእኛ አንዱ፣ «የእጅ ፍሬኑን በከፊል ሳብና ነዳጅ ስጥ» ሲል ሾፌሩን መከረ። ሌላው ደግሞ፣ «ተው፤ እንዲያውም ያብሰዋል» አለ። ሁለቱም የመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ናቸው፤ ሁለቱም ስለ ዲፈረንሻል ተፈትነው ጥሩ ማርክ አግኝተዋል። ሾፌሩ የመጀመሪያውን ምክር ሞከረ። ሞተሩ አቃሰተ፤ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሸተተ፤ መኪናው ግን ባለበት ቀረ። ሁለቱ ጓደኞቻችን ክርክራቸውን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ያቺ እናት ቀስ ብላ፣ «ሦስታችሁም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናችሁ አይደል?» ስትል ጠየቀችን። «አዎን» አልን። ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኛም ከዚያ በኋላ ዝም አልን።

ወደ ማታ አንድ ትራክተር ከእርሻ ሲመለስ ደረሰልን። ባለትራክተሩ በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ገመድ አሥረው መጎተት ሲጀምሩ የራሳቸው ትራክተር የግራ ጎማ በቦዩ ዳር ተንሸራቶ መሽከርከር ጀመረ። እሳቸው ግን አልተደናገጡም። ከፍሬን መርገጫዎቹ አንዱን ብቻ ቀስ አድርገው ረገጡ። የሚሽከረከረው ጎማ ረጋ አለ፤ ቆሞ የነበረው የቀኝ ጎማ መዞር ጀመረ፤ ትራክተሩ ወጣ፤ ሚኒባሱንም አወጣ። ልጁም በዚያው ማታ ሕክምና አገኘ፤ ደኅና መሆኑንም ኋላ ሰማን።

ገመዱ ሲፈታ፣ «ጋሼ፣ ምን አድርገው ነው ያወጡት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ እኔ የማውቀው የሚሮጠውን መያዝ ነው። የሚሮጠውን ስትይዙት የቆመው ይሄዳል» አሉን።

የዛሬው ንግግራችን የእኚህን ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ከማብራራት አያልፍም። የሚኒባሳችን ፍሬን ያልሠራበትን፣ የትራክተሩ ፍሬን ግን የሠራበትን ምክንያት ለማወቅ ወደ መጽሐፋችን ተመልሰን ነበርና።

መኪና የሚሄደው ሞተሩ ስለ ጮኸ ሳይሆን ጎማው መሬቱን ወደ ኋላ ስለሚገፋ ነው። መሬቱ ደግሞ የሚገፋው እስከሚይዝ ድረስ ብቻ ነው። አንድ ጎማ የተሸከመው ክብደት 500 ኪሎ ነው እንበል። ደረቅ ጠጠር የክብደቱን ከመቶ 60 ያህል ቢይዝ፣ ጎማው በ300 ኪሎ ኃይል ሊገፋ ይችላል። እርጥብ ዋልካ ከመቶ 10 ብቻ ቢይዝ፣ የሚገፋው በ50 ኪሎ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ኃይል ቢሰጠው ይሽከረከራል እንጂ አይገፋም። እነዚህን ቁጥሮች ለስሌት እንዲቀሉ ብለን የወሰድናቸው ስለሆነ እንደ መለኪያ አትያዙብን፤ ነገሩን ለማስረዳት ግን ይበቃሉ።

እንግዲህ አንዱ ጎማ ጠጠር ላይ፣ ሌላው ጭቃ ላይ ከሆነ፣ የጠጠሩ 300፣ የጭቃው 50፣ በድምሩ 350 ኪሎ ልናገኝ ይገባን ነበር። ዳገቱን ለመውጣት ደግሞ 200 ኪሎ ይበቃል እንበል። ታዲያ መኪናው ለምን አይወጣም? ምክንያቱ ዲፈረንሻሉ ነው።

ዲፈረንሻል በመኪና ላይ የገባው በክፋት አይደለም። መኪና ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ሲታጠፍ፣ የውጭው ጎማ ከውስጠኛው የበለጠ መንገድ ይሄዳል። ሁለቱ ጎማዎች በአንድ ግትር ብረት ቢታሠሩ ኖሮ አንዱ መሬቱን እየፋቀ ይጎተት ነበር። ኦኔሲፎር ፔክዌር የተባለ ፈረንሳዊ እ. ኤ. አ. በ1820ዎቹ መጨረሻ በእንፋሎት ለሚሄድ ሠረገላ ዲፈረንሻልን ያበጀው ለዚህ ነው። ከሞተር የመጣው ኃይል በፒኞን ኮሮናውን ያዞራል፤ ኮሮናው የተሸከማቸው ትንንሽ ጥርሶች ደግሞ ኃይሉን ለግራና ለቀኝ ያካፍላሉ። ሁለቱ ጎማዎች በፍጥነት ሊለያዩ ይችላሉ፤ የሚደርሳቸው የመጠምዘዝ ኃይል ግን ሁልጊዜ እኩል ለማለት የሚቻል ነው።

ይህን ለመረዳት ዎርክሾፕ መግባት አያስፈልግም፤ አንድ ቀምበር ይበቃል። ቀምበሩን መሬት ላይ አጋድሙት። በአንደኛው ጫፍ ፊት ትልቅ ድንጋይ፣ በሌላው ጫፍ ፊት አንድ እቅፍ ገለባ አስቀምጡ። ከዚያ የቀምበሩን መሐል በእጃችሁ ወደ ፊት ግፉ። ምን ይሆናል? ገለባው ይሮጣል፤ ድንጋዩ ከቦታው አይነቃነቅም። ጉልበት ብትጨምሩ ገለባው ባሰበት ይሮጣል እንጂ ድንጋዩ አይገፋም። ምክንያቱም ገለባው የሚመልሰው ግፊት ትንሽ ስለሆነ፣ ድንጋዩም ከዚያ የበለጠ ግፊት አይደርሰውም። መሐሉን የሚገፋው እጅ ሞተሩ ነው፤ ቀምበሩ ዲፈረንሻሉ ነው፤ ገለባው ጭቃ ውስጥ ያለው ጎማ፣ ድንጋዩም ጠጠር ላይ የቆመው ጎማ ነው።

በስሌታችን ስንመለስ፣ የጭቃው ጎማ ከ50 ኪሎ በላይ ስለማይቀበል የጠጠሩም ጎማ 50 ብቻ ይደርሰዋል። በድምሩ 100 ኪሎ ነው። የሚያስፈልገን 200 ነውና መኪናው ይቀራል። 300 ኪሎ መግፋት የሚችለው ብርቱ ጎማ ከደካማው ባልንጀራው በላይ መሥራት አልቻለም።

አሁን ፍሬኑን እናምጣ። በቀምበሩ ምሳሌ፣ አንድ ሰው በገለባው በኩል ያለውን ጫፍ በእጁ ቢይዘውስ? ያን ጊዜ መሐሉን ስትገፉ ግፊቱ ወደ ድንጋዩ ይዞራል፤ ድንጋዩም ይነቃነቃል። በመኪናውም እንደዚሁ ነው። በሚሽከረከረው ጎማ ላይ ብቻ 150 ኪሎ ያህል የሚከለክል ፍሬን ብንይዝ፣ ያ ጎማ ከዲፈረንሻሉ የሚቀበለው የጭቃው 50 እና የፍሬኑ 150፣ ማለትም 200 ይሆናል። ዲፈረንሻሉ እኩል አካፋይ ስለሆነ ለጠጠሩም ጎማ 200 ይሰጠዋል። የጠጠሩ ጎማ በ200፣ የጭቃው በ50፣ በድምሩ በ250 ኪሎ መሬቱን ይገፋሉ። ዳገቱ የጠየቀው 200 ነበርና መኪናው ይወጣል። በእርግጥ ሞተሩ የፍሬኑንም ድርሻ ስለሚከፍል የ400 ኪሎ ሥራ ይሠራል፤ ግን በከንቱ ከመጮህ ይህ ይሻላል። የባለትራክተሩ ጥበብ ይኸው ነው።

የሚኒባሳችን የእጅ ፍሬን ግን ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች በአንድነት ነበር የሚይዘው። በቀምበሩ ምሳሌ ሁለቱንም ጫፎች በእኩል ኃይል መያዝ ማለት ነው። ስሌቱን ተመልከቱ፤ የጭቃው ጎማ 50 እና 150፣ ማለትም 200 ይቀበላል፤ የጠጠሩም ጎማ 200 ይደርሰዋል። ነገር ግን የጠጠሩን ጎማ ራሱን ፍሬኑ በ150 ስለሚይዘው ለመሬቱ የሚተርፈው 50 ብቻ ነው። ድምሩ ተመልሶ 100 ሆነ! ሞተሩ አራት እጥፍ ለፋ፤ የፍሬን ሸራው ተቃጠለ፤ መኪናው ባለበት ቀረ። «ያብሰዋል» ያለው ጓደኛችን ወደ እውነቱ የቀረበ ነበር፤ ምክንያቱን ግን እሱም አያውቀውም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ፣ «እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የእጅ ፍሬን ተይዞ የወጣ መኪና አለ» ሊለን ይችላል። እኛም ይህን የሚሉ ሾፌሮች ሰምተናል፤ ዋሹም አንልም። የዲፈረንሻል ጥርሶች እርስ በርሳቸው ስለሚፋተጉ ክፍፍሉ ፈጽሞ እኩል አይደለም፤ ቀስ ብሎ ወደሚዞረው ጎማ ትንሽ ያደላል። የቆመው ጎማ ከሚሽከረከረው አንድ አምስተኛ ያህል የበለጠ ይደርሰዋል ብንል፣ ያለ ፍሬን 110፣ በእጅ ፍሬን ደግሞ 140 ኪሎ እናገኛለን። ስለዚህ መኪናው ለመውጣት ጥቂት ብቻ ቀርቶት ከሆነ፣ ያቺ 30 ኪሎ ታወጣዋለች። ሁለተኛው ምክንያት ደግሞ ፍሬን የተያዘበት ጎማ በዝግታ ስለሚዞር ጭቃውን እየቆፈረ ከመስመጥ ያርፋል። ይህን ግን ያለ ፍሬንም ነዳጅ በመቀነስና በሁለተኛ ማርሽ በመነሣት ማግኘት ይቻላል።

ሦስተኛው ነገር የሁለቱ ጎማዎች ፍሬን አለመመጣጠን ነው። የሚሽከረከረው ጎማ ፍሬን ጠበቅ ያለ ከሆነ ይጠቅማል፤ ላላ ያለ ከሆነ ግን ይጎዳል። ጭቃ ውስጥ የገባው ታምቡር ብዙ ጊዜ ውሃ ገብቶበት በደንብ ስለማይዝ፣ ዕድሉ ወደ ጉዳቱ ያዘነብላል። አንዱ ሾፌር «ይሠራል» ሌላው «አይሠራም» እያሉ በየሻይ ቤቱ ሲከራከሩ የሚኖሩት፣ ሁለቱም ያዩትን ስለሚናገሩ ነው።

ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ፍሬን ይጠቅማልን?» ሳይሆን፣ «ይህ ፍሬን የትኛውን ጎማ ነው የሚይዘው?» የሚል ነው። በዚህ ጥያቄ በአካባቢያችን የሚሄዱትን መኪናዎች አንድ በአንድ እንመልከት።

በተራ መኪና የእግር ፍሬን አራቱንም ጎማዎች ይይዛል። ኃይሉን በኋላ ጎማዎች ብቻ ለሚያገኝ መኪና፣ የፊተኞቹን ጎማዎች መያዝ ማለት የራስን መንገድ በራስ መዝጋት ነው።

ቀጥሎ በገጠር መንገዳችን እህሉንም ሽንኩርቱንም ሰውንም የሚያመላልሰውን ኢሱዙ እናንሣ። በብዙዎቹ ኢሱዙ ኤን ፒ አር መኪናዎች የእጅ ፍሬኑ ያለው በጎማዎቹ ላይ ሳይሆን በካምቢዮው ጀርባ፣ ወደ ዲፈረንሻሉ በሚሄደው ዘንግ ላይ ነው። የቀድሞው ላንድ ሮቨር ዲፌንደርም እንደዚሁ ነው። ይህ ፍሬን ከዲፈረንሻሉ በፊት ስለሆነ ጎማዎቹን ሊለይ አይችልም፤ የሚታገለው ከሞተሩ ጋር ብቻ ነው። መሐሉን የሚገፋውን እጅ እንደ መያዝ ነው። ስለዚህ በእነዚህ መኪናዎች ላይ ከጭቃ ለመውጣት የእጅ ፍሬን መሳብ ፈጽሞ ጥቅም የለውም።

ከዚህ ጋር አንድ ሕይወት የሚያድን ነገር አለና ረዳት የሆኑ ወንድሞች ያሏችሁ አደራ ንገሯቸው። በዘንግ ላይ ያለ የእጅ ፍሬን፣ አንዱ የኋላ ጎማ በክሪክ ከመሬት ከተነሣ መኪናውን አይዝም። ዘንጉ ቢያዝም፣ የተነሣው ጎማ ወደ ኋላ እየዞረ መሬት ላይ ያለው ጎማ ወደ ፊት ሊንከባለል ይችላል፤ ዲፈረንሻሉ ይፈቅድለታልና። ማርሽ ማስገባትም አያድንም፤ ማርሹም የሚይዘው ያንኑ ዘንግ ነው። በዳገት ላይ ጎማ ለመቀየር ከመኪና ሥር የሚገባ ረዳት፣ መጀመሪያ በፊት ጎማዎቹ ሥር ሁነኛ ድንጋይ ማስገባት አለበት።

ትራክተር ግን ከሁሉም የተለየ ነው። የግራና የቀኝ ፍሬን መርገጫዎቹ ሁለት ናቸው። በጎዳና ሲሄድ በመቀርቀሪያ ይያያዛሉ፤ በእርሻ ውስጥ ይለያያሉ። ዋና ጥቅማቸው በጠባብ ቦታ ለመዞር ቢሆንም፣ የሚሽከረከረውን ጎማ ለይቶ ለመያዝም ያገለግላሉ። እንዲህ ሲደረግ ትራክተሩ ወደ ተያዘው ጎማ ሊታጠፍ ስለሚፈልግ መሪውን ጠበቅ አድርጎ መያዝ ያሻል። ዲፈረንሻሉን የሚቆልፍ መርገጫ ያለው ትራክተር ደግሞ ከዚህም የተሻለ መድኃኒት አለው፤ ሁለቱን ጎማዎች በአንድነት ያስራቸዋልና። የሚረገጠው ግን ጎማው በኃይል ከመሽከርከሩ በፊት ነው፤ ለመታጠፍ ሲፈለግም መለቀቅ አለበት።

ወደ ውጭው ዓለም ስንመለከት ይህንኑ ጥያቄ ብዙ መሐንዲሶች ተጨንቀውበታል። ሀምቪ የተባለው የአሜሪካ ጦር መኪና ቶርሰን የሚሉት ዲፈረንሻል አለው። ይህ ዲፈረንሻል በጥርሶቹ ፍትጊያ አማካይነት ለቆመው ጎማ ከሚሽከረከረው ጎማ ብዙ እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ እንበል፣ ይሰጣል። ነገር ግን አንዱ ጎማ ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ ምንም የማይዝ ከሆነ፣ የዜሮ ሦስት እጥፍ ያው ዜሮ ነው። ስለዚህ የሀምቪ ሾፌሮች ነዳጅ እየሰጡ የእግር ፍሬኑን በመጠኑ እንዲይዙ ይማራሉ። ፍሬኑ ለተንጠለጠለው ጎማ 150 ኪሎ ቢፈጥርለት፣ ለቆመው ጎማ ሦስት እጥፉ 450 ይደርሰዋል፤ ፍሬኑ የሚወስደው 150 ቢቀነስ እንኳ 300 ይተርፈዋል። ሁሉንም ጎማዎች በእኩል የሚይዝ ፍሬን በእውነት የሚጠቅመው እንዲህ ባለ ዲፈረንሻል ላይ ነው። ይህን ዘዴ በፊልም አይቶ በተራ ሚኒባስ ላይ የሚሞክር ሰው የሚያገኘውን ደግሞ እኛ በነሐሴ አይተነዋል።

ሌላው መንገድ የባለትራክተሩን እግር በኤሌክትሪክ መተካት ነው። እ. ኤ. አ. በ1978 ቦሽ የሠራው ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል የፍሬን መሣሪያ በመርሴዲስ ቤንዝ መኪና ላይ ገባ። ይህ መሣሪያ የእያንዳንዱን ጎማ ፍጥነት ስለሚለካ፣ መሐንዲሶች ውለው አድረው፣ «ሲቆም የሚቆለፈውን ካወቅን፣ ሲነሣ የሚሽከረከረውንም እናውቃለን» አሉ። እ. ኤ. አ. በ1997 ለገበያ የወጣው መርሴዲስ ኤም ክላስ ዲፈረንሻሉን በመቆለፍ ፈንታ የሚሽከረከረውን ጎማ ብቻ በፍሬን የሚይዝ መሣሪያ ነበረው። ዛሬ ይህ በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ይገኛል።

እንዲህ ያለ መኪና የያዘ ሰው ማወቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ። ጎማው ሲሽከረከር ደንግጦ ነዳጁን ቶሎ ቶሎ ቢለቅና ቢረግጥ መሣሪያው ሥራውን ለመጀመር ጊዜ አያገኝም። ነዳጁን በመጠኑ ረግጦ ጸንቶ መቆየት፣ የፍሬኑን መንቀጥቀጥም አለመፍራት ይገባል። ብዙ ከቆየ ግን ፍሬኑ ይግላል፤ መሣሪያውም ራሱን ለማዳን ሥራውን ያቆማል። መኪናው አዲስ ቢሆንም ዋልካው ያው የጥንቱ ዋልካ ነው።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የሌለው ሾፌር በጨፋ ጭቃ ሲያዝ ምን ያድርግ? ከመጽሐፉም ከገበሬውም የተማርነውን በአጭሩ እንናገር።

አንደኛ፤ ጎማው ከተሽከረከረ ወዲያውኑ ነዳጅ መስጠቱን ያቁም። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ብቻ ሲዞር የሚዞረው ጎማ ፍጥነት እጥፍ ይሆናል። ፍጥነቱን ከዘንጉ በሚለካ መኪና ቆጣሪው 40 ሲያሳይ ጎማው በ80 ፍጥነት ይሽከረከራል ማለት ነው። ጎማው ይሞቃል፤ ሊፈነዳም ይችላል። የዲፈረንሻሉ ትንንሽ ጥርሶችም ለእንዲህ ያለ ሩጫ ስላልተሠሩ ይቃጠላሉ።

ሁለተኛ፤ ከሚሽከረከር ጎማ ኋላ፣ ከተወጠረ ገመድም አጠገብ ሰው አይቁም። ጎማ የሚወረውረው ድንጋይና የተበጠሰ ገመድ ወዳጅና ጠላት አይለዩም።

ሦስተኛ፤ በስሌታችን ያየነው መኪናውን ያሠረው የደካማው ጎማ 50 ኪሎ ነው። ስለዚህ ደካማውን ማጠንከር ነው። ከሚሽከረከረው ጎማ ፊት ጭቃውን ጠርጎ ጠጠር፣ ቅርንጫፍ ወይም ያረጀ ጆንያ ማስገባት ያቺን 50 ወደ 100 ወይም ወደ 150 ያደርሳታል። ደካማው ያገኘውን ያህል ብርቱውም ስለሚያገኝ፣ እያንዳንዱ የተጨመረ ኪሎ እጥፍ ሆኖ ይቆጠራል። ዲፈረንሻሉ የከለከለንን በዚህ መንገድ ይመልስልናል።

አራተኛ፤ በጎማዎቹ ላይ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ያለው ሾፌር ሌላው ሁሉ ከተደረገ በኋላ በመጠኑ ስቦ አንድ ጊዜ ይሞክር፤ ካልወጣ ይተው። ከወጣ ደግሞ መልቀቁን አይርሳ። በዘንግ ላይ የሚሠራ ከሆነ ግን አይነካካው።

ጓደኞቻችን፤ የንግግራችን መደምደሚያ ስለ ራሳችን ነው። ያቺ እናት «የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናችሁ አይደል?» ያለችን ልትሰድበን አልነበረም ብለን እናምናለን። ምናልባት ተስፋ አድርጋ ይሆናል። ዲፈረንሻልን በጥቁር ሰሌዳ ላይ አይተነዋል፤ የጥርሶቹን ቁጥር አስልተናል፤ ነገር ግን ዋልካ ውስጥ የገባ ዲፈረንሻል ሲያጋጥመን አላወቅነውም። ባለትራክተሩ ደግሞ ስሌቱን ሳያዩ የሚደረገውን ያውቁ ነበር። የእሳቸው ዕውቀት ግን በትራክተራቸው ላይ የታጠረ ነው፤ ለምን በኢሱዙ ላይ እንደማይሠራ ቢጠየቁ ይቸገሩ ነበር። ስለዚህ እሳቸው ያለ እኛ፣ እኛም ያለ እሳቸው ግማሽ ነን።

በ1943 ዓ. ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ በአገራችን ብዙ መንገድ ተሠርቷል፤ ገና ብዙም ይቀራል። አስፋልቱ እያንዳንዱ መንደር እስኪደርስ ድረስ የታመመ ልጅ በጭቃው መንገድ ይመጣል። ይህን ጭቃ ማድረቅ የእኛ ሥልጣን አይደለም። የምናውቀውን ይዞ ወደ መንገዱ መውረድ ግን በእጃችን ነው።

ስለዚህ ለኅብረቱ አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ከወዳደቁ መኪናዎች አንድ አሮጌ ዲፈረንሻል ተፈልጎ ጎኑ ይከፈት፤ በግራና በቀኝ ጎማ በእጅ የሚያዝበት ይበጅለት፤ በሚመጣው ክረምት ዕረፍት ወደ ከሚሴ መናኸሪያ ወስደን ለሾፌሮችና ለረዳቶች እናሳይ። አንዱ ሾፌር ዘንጉን ያዙር፤ አንዱ ረዳት የሚሮጠውን ጎማ ይያዝ፤ የቆመው ሲሄድ ሁሉም በዓይናቸው ይዩ። የዘንግ ፍሬንንም አደጋ በዚያው እናስረዳ። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ጊዜውም ከአንድ ቀን አያልፍም። መምህራኖቻችን ከዎርክሾፑ መሣሪያ እንዲያውሱን በትሕትና እንለምናለን። ባለትራክተሩንም ፈልገን እንጋብዛቸዋለን፤ ንግግሩን የሚከፍቱት እሳቸው ናቸው።